ስኳር ሲወርድ አጠገቡ ያለው ሰው



 በስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የእድራችሁ ሊቀመንበር በወርኃዊ ስብሰባችሁ ላይ እንድናገር ሲጋብዙኝ «ስለ ስኳር በሽታ ያስተምሩን» አሉኝ። ስለ ስኳር በሽታ ብዙ ሰምታችኋል። ጣፋጭ ቀንሱ፣ ተራመዱ፣ ክትትል አታቋርጡ ሲባል በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ትሰማላችሁ። ዛሬ የማነሣው እምብዛም የማይነገርለትን ጎኑን ነው፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ሲወርድበት የሚደርስበትን።

ስኳር ሲወጣ ሁላችንም እንፈራለን። ዓይን ያጠፋል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ እግር ያስቆርጣል ሲባል ሰምተናል፤ እውነትም ነው። ያ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት ይመጣል። የስኳር መውረድ ዓመት አይጠብቅም። ጠዋት ደህና ሆኖ ከቤቱ የወጣ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ራሱን ማዳን ሊያቅተው ይችላል፤ የሚያድነው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ። ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አስተማሪ፣ የታክሲ ረዳት። ስለዚህ ንግግሬ ለታማሚው ብቻ አይደለም።

በአራት ነጥብ ከፍዬ እናገራለሁ። አንደኛ፣ ስኳር ለምን ይወርዳል? ሁለተኛ፣ በምን እናውቀዋለን? ሦስተኛ፣ ሲወርድ ምን እናድርግ? አራተኛ፣ እንዳይወርድ ምን እናድርግ?

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ ስኳር ለምን ይወርዳል?

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት ግን አንድ አምስተኛ የሚሆነውን የሚወስደው እሱ ነው። ዋና ምግቡ በደም የሚመጣለት ስኳር ነው፤ ለራሱ ይህ ነው የሚባል ስንቅ አያስቀምጥም። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሲያልቅበት ወዲያውኑ ይራባል። የተራበ አንጎል አያስብም፣ አይወስንም፣ «ስኳሬ ወርዷል፣ ከረሜላ ስጡኝ» ብሎ መናገርም ያቅተዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩን እንያዝ። ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ጠዋት ሲለካ በአንድ ዴሲሊትር ደሙ ውስጥ ከ70 እስከ 99 ሚሊግራም ስኳር ይገኛል። የስኳር ታማሚ መለኪያ ከ70 በታች ካሳየ ስኳሩ ወርዷል፤ ያኔውኑ ጣፋጭ መውሰድ አለበት። ከ54 በታች ከሆነ አንጎሉ መጎሳቆል ጀምሯል። ሦስተኛውና ከባዱ ደረጃ የራሱ ቁጥር የለውም። የዓለም የሕክምና ባለሙያዎች ከባድ የስኳር መውረድ የሚሉት፣ ታማሚው አእምሮው ወይም አካሉ ከድቶት ለመዳን የሌላ ሰው እርዳታ ሲያስፈልገው ነው። ልብ በሉልኝ፤ የከባዱ ደረጃ መለያ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳይሆን የእናንተ እጅ ማስፈለጉ ነው።

ጤነኛ ሰው ምሳ ቢያልፈው ይርበዋል እንጂ አይወድቅም። ስኳሩ መቀነስ ሲጀምር ጣፊያው አጠገብ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን ማውጣቱን ይቀንሳል፤ ጉበቱም ያስቀመጠውን ስኳር ወደ ደም ይለቅለታል። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን አይመለስም። ሰውየው በላም አልበላም ሥራውን ይሠራል። ይህ ነገር መድኃኒቱ ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ኢንሱሊን ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 ተገኝቶ በ1922 መጀመሪያ ላይ ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ልጅ ተስፋ አልነበረውም። በዚያው ዘመን የመድኃኒቱን ኃይል የሚለኩት በጥንቸል ነበር። የተራበች ጥንቸል ስኳሯ ወርዶ እስክትንፈራገጥ የሚያስፈልገው መጠን፣ ዛሬ ሲሪንጅ ላይ የምትቆጥሩት «ዩኒት» መነሻ ሆነ። ሕይወት ያተረፈው መድኃኒት ከመጀመሪያው ይህን አደጋ ይዞ መጥቷል ማለት ነው።

ታዲያ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩን የሚያወርዱት ምን ምን ናቸው? ዋናው መርፌውን ተወግቶ ምግብ ማዘግየት ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚወጋው ኤንፒኤች የሚባለው እንደ ወተት የደፈረሰው ኢንሱሊን ነው። ይህ መድኃኒት ኃይሉ የሚበረታው ከተወጉት ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ መጠንቀቅ አለበት። ምሳ የሚዘገየው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ለቅሶ ቤት ቆይተን፣ ቀበሌ ተሰልፈን፣ ታክሲ ጠብቀን። ማታ 2 ሰዓት የተወጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ያሰጋዋል።

ሁለተኛው ያልተለመደ ድካም ነው። ሲያጭድ የዋለ ገበሬ፣ ብሎኬት ሲሸከም የዋለ ሠራተኛ ስኳሩ በሥራው ላይ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤ ሌሊቱንም ሊወርድበት ይችላል። ሦስተኛው መጠጥ ነው። ጉበት አረቄውን ወይም ቢራውን ሲያጣራ አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቆማል፤ በባዶ ሆድ ጠጥቶ የተኛ ሰው ጠዋት ላይነቃ ይችላል። አራተኛው የኩላሊት ድካም ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ለዓመታት በተለመደው መጠን እየተወጋ ደህና የነበረ ሰው ስኳሩ መውረድ ካበዛ «በሽታው ለቀቀኝ» ብሎ ደስ አይበለው፤ ኩላሊቱን ይመርመር። ኢንሱሊን የማይወጉ ግን ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን የሚውጡም ይስሙኝ፤ ይህ ኪኒን ስኳር ያወርዳል፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ ለረጅም ሰዓት።

አንድ ሌላም አለ። ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል። ቆላ ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ ወይም ውሃ የሚያዛ እንስራ ሳይኖር የተቀመጠ መድኃኒት ኃይሉ ይደክማል። ስኳሩ አልወርድ ሲል መጠኑ ይጨመራል። ከዚያ ከመድኃኒት ቤት አዲስ ብልቃጥ ሲመጣና ያንኑ የጨመረውን መጠን ሲወጋ ሰውየው ይወድቃል። ደጋግመው አንድ ቦታ በመውጋት ያበጠውን ትተው ወደ ጤነኛው ቦታ ሲዞሩም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ፤ በምን እናውቀዋለን?

ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰውነት ይጮኻል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሆድ ይሞረሙራል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል። በዚህ ሰዓት ሰውየው ራሱ ያውቀዋል፤ ጣፋጭ ቢቀምስ ያልፍለታል። ሳይቀምስ ከቆየ ግን አንጎል ይናወጣል። ዓይን ይጭበረበራል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ሰው ይቆጣል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል ወይም ይስቃል፣ የገዛ ቤቱ መንገድ ይጠፋዋል። በመጨረሻም ይንፈራገጣል፣ ራሱን ይስታል።

አንድ ጋራዥ ውስጥ ያለ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ መካኒክ እናስብ። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ነው፤ ሥራ በዝቶበት ምሳ አልበላም። ከመኪናው ሥር ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ጓደኛው «ቁልፉን አቀብለኝ» ሲለው መዶሻ ያነሣል። ሲታረም ይሳደባል። አንደበቱ ስለተኮላተፈ «ዛሬ ከየት ጠጥቶ መጣ?» ይላሉ። አለቃው «ሂድ ቤትህ ተኛ» ይለዋል። ያ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ይወጣል። በክፍላችን እንዲህ ያለውን ታሪክ ከታማሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው አፍ ደጋግመን እንሰማለን። ያ መካኒክ ክፉ አልነበረም፣ አልሰከረምም። ባልደረቦቹም ክፉ አልነበሩም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

በአገራችን ስኳሩ የወረደበትን ሰው ሕመም ከሦስት ነገር ጋር እናምታታዋለን። ሰክሯል እንላለን። ያዘው፣ ለከፈው እንላለን። የሚጥል በሽታ ነው ብለን ክብሪት ጭረን እናስሸትተዋለን። የክብሪት ጭስ ስኳር አይመልስም፤ ያ የጠፋው ጊዜ ግን የአንጎል ጊዜ ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ የሚጸልይ ይጸልይ። እኔ የምለምናችሁ፣ ስኳር ያለበት ሰው ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ከሁሉ አስቀድማችሁ ስኳሩን አስቡ።

ምልክቱ የሚደበቅባቸውም አሉ። ለብዙ ዓመት ኢንሱሊን የተወጉና ስኳራቸው ደጋግሞ የወረደ ሰዎች ላቡም መንቀጥቀጡም ይቀርባቸዋል፤ ሳይሰማቸው በቀጥታ ይዘባርቃሉ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱም የልብ ምቱና መንቀጥቀጡ ይሸፈንባቸዋል፤ ላቡ ግን አይሸፈንም። እነዚህን ሰዎች የሚያየው የናንተ ዓይን ነው። መልካሙ ዜና፣ ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ በጥንቃቄ ከተጠበቀ በብዙዎቹ ላይ ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል። ሌሊትም እንዲሁ ነው፤ ቅዠት፣ በላብ የራሰ አንሶላ፣ ጠዋት የራስ ምታት ካለ ለክትትል ክፍሉ ንገሩ።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ሲወርድ ምን እናድርግ?

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ፣ ውሃ፣ ስኳርና የሻይ ማንኪያ አስቀምጫለሁ። እዩኝ። ብርጭቆው ግማሽ ድረስ ውሃ አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ማንኪያ፣ ያልተከመረ፣ ልክ የሞላ። አማስለዋለሁ፤ ታች ያለው ስኳር እስኪጠፋ ድረስ። አለቀ። ይህ ወደ 15 ግራም ስኳር ነው፤ ለአንድ አዋቂ ሰው ይበቃል። በሁሉም ቤት የሚገኝ፣ ርካሽ መድኃኒት ይህ ነው።

ስኳር ውሃ ከሌለ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይሆናል። «ዜሮ» ወይም «ዳይት» የሚል ለስላሳ ግን ስኳር የለውም፤ በዚህ ሰዓት አይጠቅምም። ቸኮላትና ብስኩትም ቅባታቸው ያዘገያቸዋል። እንጀራም ዳቦም ለመጀመሪያዋ ደቂቃ አይደሉም፤ ተራቸው በኋላ ነው።

ጣፋጩን ካጠጣችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያ ካለ ለኩት። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ወይም ካልተሻለው ያንኑ ያህል ድገሙት። ሲሻለው እንጀራ ወይም ዳቦ አብሉት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ገና አልጨረሰምና ተመልሶ ይወርዳል። መለኪያውም ስትሪፑም ውድ ነው፤ ብዙ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። መለኪያ ከሌላችሁ አትጠብቁ። ከተጠራጠራችሁ ስጡት። ስኳሩ ወጥቶ ኖሮ ትንሽ ስኳር ብንጨምርበት በዚያች ሰዓት የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ነው፤ ወርዶበት ሳለ ብንዘገይ ግን ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

ራሱን ከሳተስ? እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ማርም፣ ስኳር ውሃም፣ ውሃም። መዋጥ የማይችል ሰው ወደ ሳንባው ይገባበታል። በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱ አካባቢ ያጠበቀውን ልብስ ፍቱለት፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በቁጥር 907 ደውሉ፤ ካልደረሰ በተገኘው መኪና ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለሚያገኙት ባለሙያ የመጀመሪያ ቃላችሁ «የስኳር ታማሚ ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል» ይሁን። እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጡታል፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ግሉካጎን የሚባል መርፌ ደግሞ አለ፤ ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር እንዲለቅ የሚያደርግ። ያለው ቤተሰብ አወጋጉን አስቀድሞ ይማር፤ በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ልብ ስለማይገኝ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሮጡ አይቅር።

አንድ ስህተት እንዳትሠሩ። «ስኳር ታማሚ ወደቀ፤ መርፌውን አምጡ» ብላችሁ ኢንሱሊን እንዳትወጉት። በወረደው ላይ ማውረድ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፤ እንዳይወርድ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ የጾምን ነገር ላንሣ፤ ብዙ የምንጠየቀው እሱን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው፣ መድኃኒቱ በሚበረታበት ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው። ቅድም የቆጠርነውን ሰዓት አስታውሱ። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች የተሠራ ጥናት በረመዳን ወር ከባድ የስኳር መውረድ በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማን ላይ ወደ 5 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት ላይ ከ7 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሃይማኖቶቻችን ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣሉ። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ ቀደም ብላችሁ ሁለት ሰው አማክሩ፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን፣ እና ሐኪማችሁን። እጾማለሁ ያለ ሰው መጠኑና ሰዓቱ በሐኪም ይስተካከልለት። ጾም ላይ እያለ ከ70 በታች ከወረደ ግን ያኔውኑ ያፍርስ፤ ለማፍጠሪያ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ።

ሁለተኛው፣ ምግቡ ሳይዘጋጅ ማንም አይወጋ፣ የተወጋ ሳይበላ አይውጣ። ከባድ ሥራ ያለበት ቀን ተጨማሪ ምግብ ይያዝ። መኪና የሚነዳ ሳይለካ አይነሣ፤ መንገድ ላይ ከተሰማው ዳር ይዞ ይቁም፣ ጣፋጭ ይውሰድ፣ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ሦስተኛው፣ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ ትልቅ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር ዓይንንና ኩላሊትን በእጅጉ እንደሚጠብቅ አረጋግጧል፤ ከባድ የስኳር መውረድ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ጨምሮ ነበር። ለአረጋዊት እናታችንና ለሃያ ዓመት ጎረምሳ አንድ ዓይነት ቁጥር አይታዘዝም። በሌላ በኩል አንዴ ወድቀው ከደነገጡ በኋላ መርፌያቸውን የሚተዉ አሉ። እባካችሁ አትተዉ። በተለይ አንደኛው ዓይነት ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው መጠኑን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ነው፤ በምን ሰዓት፣ ምን በልተው፣ ምን ሠርተው እንደወረደባቸው ጽፈው ይምጡ።

አራተኛውና ትልቁ መናገር ነው። በሽታቸውን የሚደብቁ ብዙ ናቸው። ልጃገረዷ ትዳር እንዳይቀርባት ትደብቃለች። የቀን ሠራተኛው ከሥራ እንዳይባረር ይደብቃል። ተማሪው እንዳይሳለቁበት ሽንት ቤት ገብቶ ይወጋል። ቅድም ያልኩትን ልድገመው፤ ስኳሩ የወረደበት ሰው ራሱን ማዳን ሊያቅተው ይችላል፤ የሚያድነው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። ያልተነገረው ሰው ግን እንዴት ያድን? መድኃኒት የምትወጉ ሁሉ ቢያንስ አብሯችሁ ለሚያድርና አብሯችሁ ለሚሠራ አንድ አንድ ሰው ንገሩ። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላና «የስኳር ታማሚ ነኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ» የሚል ወረቀት ይኑር።

የሚነገረን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለን። የሰማነውን ለወሬ አናውጣው። «ምን ሆና ነው የምትወጋው?» አንበል። አስተማሪ፣ ስኳር ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ከረሜላ ቢበላ አትቆጣው። አሠሪ፣ ሠራተኛህ ምሳውን በሰዓቱ እንዲበላ ፍቀድለት። ሰው ገልጦ ቢናገር የማያፍርበትን መንደር የምንሠራው እኛ ነን።

ለእድሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ይህ እድር ግን ከሞት በፊትም መድረስ ይችላል። በየቀጠናው ሁለት ሁለት ሰው ምረጡልን፤ መለካትንና የወደቀን ሰው መርዳትን እኔና ባልደረቦቼ በነጻ እናስተምራቸዋለን። ከእድሩ ገንዘብም አንድ የስኳር መለኪያ ተገዝቶ ሁሉም በሚያውቀው ቤት ይቀመጥ። ኮሚቴው ዛሬውኑ ቢወያይበትና ቀን ቢቆርጥልን፣ የሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሳይደርስ ሥልጠናውን እንጀምራለን።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ብርጭቆውንና ማንኪያውን ወስዳችሁ ራሳችሁ መሞከር የምትፈልጉም ወደ ፊት ኑ።